ስለ አሳብ አንድነት፦ የሶፍትዌር ሠራተኞችን ስለ መምራት የተደረገ ንግግር



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በማደግ ላይ ባለ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠሩትን ሰዎች ስለ መምራት ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ እንዲህ ያለውን ኩባንያ የመሠረታችሁ፥ ሌሎቻችሁም በፕሮግራመርነት የምትተዳደሩ፥ የቀራችሁትም ይህን ሙያ በኪሳችሁ ባለው ስልክ በኩል ብቻ የምታውቁት ስለ ሆናችሁ፥ ነገሩን ለሁላችሁም በሚገባ አነጋገር ለማስረዳት እሞክራለሁ። ደግሞም ይህ ጉዳይ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ነው የሚባልበት ዘመን አልፏል፤ ቴሌብር በ2021 ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የጉልት ነጋዴዋ እንኳ የዕለት ሽያጭዋን የምትቀበለው አይታ በማታውቃቸው ሰዎች በተጻፈ ፕሮግራም በኩል ሆኗልና፥ እነዚያ ሰዎች በምን ሥርዓት እንደሚመሩ መጠየቅ ለእርስዋም ይገባታል።

የንግግሬ ዓላማ አንዲት ናት። አንድ ኩባንያ ሲያድግ፥ ደንበኛውም ሠራተኛውም ሲበዛ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድልበት ገንዘብ ወይም ጉልበት ሳይሆን የአሳብ አንድነት መሆኑን፥ መሪ ተብሎ የተሾመውም ሰው ከሌላው ተግባሩ ሁሉ በፊት ይህን አንድነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መሆኑን ላሳያችሁ እወዳለሁ። ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ በአሜሪካ በአንድ ታላቅ ኩባንያ የደረሰውን ታሪክ ሰፋ አድርጌ እተርካለሁ፤ ቀጥሎ የሠራተኞች አከፋፈል በሥራው መልክ ላይ እንዴት እንደሚታተም እናገራለሁ፤ ከዚያም ስሕተት በደረሰ ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ እመረምራለሁ፤ በመጨረሻም ለባለሀብቶች የምለው ጥቂት ቃል አለኝ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ሥራው ጠባይ አንድ ነገር ልበል። ሶፍትዌር የሚሠራበት ቁስ የሰው አሳብ ብቻ ነው። ግማሹ አልቆ ግማሹ መቅረቱን በዓይኑ አይቶ በእጁም ዳስሶ የሚያረጋግጥ ተቈጣጣሪ የለም። ስለዚህም ሁለት ብልሆችና ትጉሆች የሆኑ ሰዎች ስለ አንዱ ነገር የተለያየ ግምት ይዘው፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ ለወራት በፍቅር ሊሠሩ ይችላሉ፤ ልዩነታቸውም የሁለቱ ሥራ ተጋጥሞ እስከሚሞከርበት ቀን ድረስ ከራሳቸውም ከአለቃቸውም ተሰውሮ ይኖራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክፍል እንግባ። አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ሚያዝያ 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 ብሎ የሰየማቸውን ኮምፒዩተሮች ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በፊት ኩባንያው የሚሸጣቸው ማሽኖች ዓይነታቸው ብዙ፥ እርስ በርሳቸውም የማይስማሙ ስለ ነበሩ፥ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም ነበር፤ ድርጅቱ አድጎ ትልቅ ማሽን የገዛ ደንበኛም ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደ ገና ለማስጻፍ ይገደድ ነበር። በሲስተም 360 ግን ትንሹም ትልቁም ማሽን የአንድ ቤተሰብ አባል እንዲሆን፥ ለትንሹ የተጻፈውም በትልቁ ላይ እንዲሠራ ታሰበ። ኩባንያው ሀብቱን ሁሉ ያፈሰሰበት ሥራ ስለ ነበረ በጊዜው የአምስት ቢሊዮን ዶላር ውርርድ ተብሎ ተጻፈለት። ይህን ታላቅ ሥራ እንዲመራ የታዘዘው ፍሬድሪክ ብሩክስ የሚባል፥ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ ማሽኖቹ በታወጁበት ቀን ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነበረ።

የማሽኖቹ ሥራ በመልካም ተፈጸመ። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰውና ኦ ኤስ 360 የተባለው ሶፍትዌር ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ሥራው በደመቀበት ጊዜ ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ተሰማርተውበት ሳለ ከተቀጠረለት ቀን ዘገየ፤ ወጪውም ከግምቱ በብዙ እጥፍ በለጠ፤ ከታሰበለት የበለጠ የማሽን ማስታወሻም ያዘ፤ ተደጋግሞ እስኪታረም ድረስም አሠራሩ ደካማ ነበር። ብሩክስ ከኩባንያው ሲሰናበት የኩባንያው መሪ ቶማስ ዋትሰን ልጅየው፥ ሶፍትዌርን መምራት ማሽንን ከመምራት ይልቅ ለምን እንደሚከብድ ጠየቀው። ብሩክስም ወደ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በመምህርነት እያገለገለ ጥያቄውን ለዓመታት ሲያሰላስል ቆይቶ፥ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ መልሱን ሰጠ። ያ መጽሐፍ ግማሽ ምዕት ዓመት ዐልፎት ዛሬም በሙያው ሰዎች ዘንድ እንደ መሠረተ ትምህርት ይነበባል።

ብሩክስ በዚያ መጽሐፍ ከገለጻቸው ነገሮች ሁሉ ለኔ እጅግ የሚመስጠኝ አንድ ውሳኔ ነው። የኦ ኤስ 360 ዝርዝር መግለጫ፥ ማለት ሶፍትዌሩ ለተጠቃሚው ምን ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ የሚወስነው ሰነድ፥ መዘጋጀት ነበረበት። ንድፉን የሚመራው ሹም ዐሥር ጥሩ ሰዎች ነበሩት፤ ሥራውን በትክክል ለመሥራት ዐሥር ወር ይፈጅብናል አለ፤ ይህም ከተፈቀደው ጊዜ በሦስት ወር ይበልጣል። ሌላው ሹም ደግሞ 150 ሰዎች ነበሩት፤ እኛ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እናደርሰዋለን፥ ሥራው ለነዚያ ለዐሥሩ ከተሰጠ ግን የኔ 150 ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ነው ሲል ተከራከረ። የንድፉ ሹም መልሶ፥ ለ150ው ከሰጣችሁት በጊዜው አይደርስም፥ እርሱም እንደኛው ሦስት ወር ይዘገያል፥ ጥራቱም እጅግ ያነሰ ይሆናል ብሎ አስጠነቀቀ። ብሩክስ ሥራውን ለ150ው ሰጠ። የንድፉ ሹም የተናገረው በሁለቱም ረገድ ደረሰ፤ ከዚህም በላይ በንድፉ ውስጥ የአሳብ አንድነት በመጉደሉ ምክንያት ስሕተት ለቅሞ ለማረም አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ጊዜ እንደ ጠፋ ብሩክስ ራሱ ገምቷል።

ይህን ታሪክ ያለ ችኮላ እንድትመረምሩት እለምናችኋለሁ፤ በየኩባንያው በየወሩ የሚደገም ስለ ሆነ። 150 ሰዎች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ማየት ለማንም አለቃ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፥ ባለቤቱም ይጠይቃል። ነገር ግን የሰው ሥራ መፍታት በዓይን የሚታይ ጉዳት ሲሆን የአሳብ መከፋፈል በዓይን የማይታይ ጉዳት ነው፤ መሪውም በሚታየው ጉዳት አፍሮ የማይታየውን ይመርጣል። በገጠር የደረሰ ጤፍ ያለው ገበሬ ዝናም ሳይቀድመው ለማጨድ ሲሻ ጎረቤቶቹን በደቦ ይጠራል፤ ዐሥር ሰው በሁለት ቀን የሚያጭደውን ሃያ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ አንዱ አጫጅ ማጭዱን ባነሣ ቍጥር የጎረቤቱን አሳብ መጠየቅ አያስፈልገውምና። ሶፍትዌር ግን እያንዳንዱ ክፍል በሌላው ላይ ተደግፎ የሚቆም ስለ ሆነ፥ የሚሠሩት ሰዎች ዘወትር መነጋገር አለባቸው። ሦስት ሰዎች ሲሆኑ የሚነጋገሩበት መስመር 3 ነው፤ አምስት ሲሆኑ 10 ይሆናል፤ ዐሥር ሲሆኑ 45፥ ሃምሳ ሲሆኑ ደግሞ 1,225። ሰው በእጥፍ ሲጨምር መነጋገሪያው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ኩባንያው ባደገ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ሲደክም እየዋለ ሥራው ግን የማይራመድ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የአዲሱ ሠራተኛ ነገር ይጨመራል። አዲስ የተቀጠረው ፕሮግራመር የቱን ያህል ሊቅ ቢሆን የቤቱን ምሥጢር አያውቅም፤ ይህ ኮድ ለምን እንዲህ ተጻፈ፥ ያኛው ለምን ተተወ የሚለውን የሚነግረው ነባሩ ሠራተኛ ነው፤ ነባሩም እርሱን ሲያስተምር የገዛ ሥራው ይቆማል። ብሩክስ የዘገየን ሥራ በአዳዲስ ሰዎች ለማፋጠን መሞከር መዘግየቱን እንደሚያብሰው ያስተማረው ይህን አይቶ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሰው አትቅጠሩ የሚል ቢኖር ትምህርቱን አልተረዳም። ጭንቁ ከመድረሱ በፊት፥ ጥቂት በጥቂት፥ ነባሮቹ ሊያስተምሯቸው በሚችሉት መጠን መቅጠር ይቻላል፤ ለነባሮቹም ማስተማር እንደ ዋና ሥራ ተቈጥሮ ጊዜ ሊመደብለትና በዓመቱ ግምገማ ሊመሰገኑበት ይገባል። በኔ አስተያየት ሁለት ወጣቶችን አሠልጥኖ ለቁም ነገር ያበቃ ፕሮግራመር በዚያ ዓመት ጥቂት ኮድ ብቻ ቢጽፍ እንኳ ከባልንጀሮቹ በልጦ ሠርቷል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአሳብ አንድነት ይጠበቅ ሲባል ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር ይወቅ ማለት ነውን? ብሩክስ መጀመሪያ እንዲህ ያምን ነበር። የኦ ኤስ 360 ሠራተኞች ሁሉ ስለ ሥራው ሁሉ ዝርዝር የሚያነቡበት አንድ የጋራ መዝገብ ነበራቸው፤ ስድስት ወር ያህል እንደ ሄደ የመዝገቡ ውፍረት አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ፤ በየቀኑም ተለዋውጠው የሚገቡት ገጾች 150 ያህል ነበሩ። ይህን ሁሉ አንብቦ ሥራም መሥራት የሚቻለው ማን ነው? ዴቪድ ፓርናስ የሚባል ሊቅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን አሳብ አቀረበ፤ እያንዳንዱ ክፍል የውስጥ ዝርዝሩን ከሌሎች ሰውሮ፥ ለውጭ የሚገልጠው ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ስምምነት ብቻ መሆን አለበት አለ። ብሩክስ በ1975 አሳቡን አልተቀበለውም ነበር፤ መጽሐፉ ሃያኛ ዓመቱን ይዞ በ1995 እንደ ገና ሲታተም ግን ፓርናስ ትክክል እንደ ነበረ፥ እርሱ ራሱ እንደ ተሳሳተ በግልጽ ጻፈ። ሁሉ በሚያከብረው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የመሰለ ቃል ለመጻፍ የቻለ ሰው፥ በትሕትናው ብቻ እንኳ ለመሪዎች መምህር ሊሆን ይበቃዋል።

እንግዲህ የአሳብ አንድነት ማለት፥ ድንበሮቹ በጥንቃቄ ተለይተው፥ በድንበሩ ላይ ያለው ስምምነት ለሁሉ ግልጽ ሆኖ፥ የሥራውም ዋና ዓላማ ከመሪው እስከ ትንሹ ሠራተኛ አንድ ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህም ወደ ሁለተኛው ክፍል ያደርሰናል።

ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ በሚያዝያ 1968 ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አስቀድሞ ልኮት የነበረ አንድ ሌላ መጽሔት ማስረጃህ አልበቃንም ብሎ መልሶበት ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር፥ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥራ የራሱን የድርጅቱን የመነጋገሪያ ሥርዓት መልክ ይዞ መውጣቱ የማይቀር ነው የሚል ነው። ኮንዌይ ለምሳሌ ያቀረበው ስምንት ሰዎች የነበሩትን አንድ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ሁለት ኮምፓይለር፥ ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሱ ሁለት ፕሮግራሞች፥ እንዲሠራ ታዘዘ፤ አምስቱን ሰዎች ኮቦል ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፥ ሦስቱን አልጎል ለተባለው መደባቸው። በመጨረሻም የኮቦሉ ኮምፓይለር በአምስት ደረጃ የሚሠራ፥ የአልጎሉም በሦስት ደረጃ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። የሥራውን ክፍሎች ብዛት የወሰነው የሰዎቹ ብዛት ነበረ።

ይህ ለመሪ እጅግ የሚያስፈራ ትምህርት ነው። ሰዎችን በቡድን ስትከፋፍሉ ሳታውቁት የሶፍትዌሩን ንድፍ እያወጣችሁ ነው። ሁለት የቡድን አለቆች ተኳርፈው የማይነጋገሩ ቢሆን፥ ኩርፊያቸው በሁለቱ ፕሮግራሞች መጋጠሚያ ላይ ይገኛል፤ ተጠቃሚው ሁለት ጊዜ ስሙን እንዲሞላ፥ ሁለት ጊዜ የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ሲጠየቅ የነርሱን ጠብ ዕዳ እየከፈለ ነው። ኩባንያ ሲያድግ ቡድኖች የሚከፋፈሉት ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ፥ ወይም ለአንድ ሰው ሹመት ለመስጠት ሲባል ነው፤ ከዚህ የከፋ የንድፍ ዘዴ አላውቅም። አማዞን በሁለት ፒዛ ሊጠግብ ከሚችል ቡድን የበለጠ ቡድን አይኑር የሚል ደንብ ያወጣው፥ እያንዳንዱም ቡድን አንዱን አገልግሎት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞ እንዲኖር ያደረገው፥ ድንበሩ በሚገባው ቦታ ላይ እንዲወድቅ ብሎ ነው። ቡድንን ማሳነስ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በቡድኖች መካከል ያለው ውል በጽሑፍ ካልተቀመጠ ትናንሽ ቡድኖች ትናንሽ ደሴቶች ሆነው ይቀራሉ። በዚያው ኩባንያ በ2004 በከፍተኛ ሹማምንት ስብሰባ ላይ ፓወርፖይንት እንዲቀርና አሳብ ሁሉ በተሟላ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ እንዲቀርብ መደረጉ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ጉዳዩን በቅጡ ያላሰበ ሰው በዝርዝር ነጥቦች ሊሸፈን ይችላል፤ በምክንያትና በውጤት የተያያዘ ገጽ ጽፎ ግን ሊሸፈን አይችልም። የምመክረውም፥ ውሳኔ በተደረገ ቍጥር ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና የተተወውንም አማራጭ በአንድ ገጽ ጽፎ ማኖርን ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚቀጠረው ወጣት ከዚያ ገጽ የሚያገኘውን ጥቅም ሌላ ምንም አይተካለትም።

ወደ ሦስተኛው ክፍል እንለፍ። በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረ ናይት ካፒታል የተባለ ኩባንያ ነሐሴ 1 ቀን 2012 ጧት ገበያው ከተከፈተ በኋላ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ምክንያቱ እንዲህ ነበረ። አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች፥ ማለት የኩባንያውን ፕሮግራሞች በሚያሠሩ ስምንት ኮምፒዩተሮች፥ ላይ መጫን ነበረበት፤ ሠራተኛው በሰባቱ ጭኖ አንዱን ሳይጭን ቀረ። በዚያ በአንዱ ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ፥ ነገር ግን ያልተሰረዘ አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበር፤ አዲሱን ኮድ እንዲያስነሣ የተመረጠውም ምልክት ቀድሞ አሮጌውን ያስነሣ የነበረው ያው ምልክት ነበረ። ስለዚህ አሮጌው ኮድ ነቅቶ ማቆሚያ በሌለው ሁኔታ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ጀመር። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ማሽኖቹ ራሳቸው ስሕተት እንዳለ የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ልከው ነበር፤ እነዚያን መልእክቶች ግን እንደ ማስጠንቀቂያ የተመለከታቸው አልነበረም። ችግሩ እንደ ታወቀም ሠራተኞቹ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ ይህም በነዚያም ላይ አሮጌውን አስነሥቶ ጥፋቱን አባዛው። ኩባንያው በተከታዩ ዓመት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ በራሱ መቆሙን ተወ።

ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ አንዱን ሰርቨር የረሳው ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ይቸኩላል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ሁለተኛ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ሥራ እንዲመረምር አልተደረገም፤ እንዲህ ያለ ምርመራ እንዲደረግ የሚያዝ የተጻፈ ደንብም አልነበረም። ኩባንያውም 12 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። ሰው ይረሳል፤ ስምንት ነገር ሊያደርግ ተነሥቶ ሰባቱን ማድረግ የሰው ባሕርይ ነው። የሚረሳ ሰው ብቻውን የሚቆምበትን ቦታ ያዘጋጀ፥ የሞተ ኮድ ዘጠኝ ዓመት ሳይቀበር እንዲቀመጥ የፈቀደ፥ የማንም ዓይን የማያርፍበትን ማስጠንቀቂያ ያስላከ ግን አመራሩ ነው። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ማግስት የሚደረገው ጉባኤ ጥፋተኛ የሚለይበት ችሎት ከሆነ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሠራተኛው ያየውን ጕድለት ሰውሮ ይይዛል፤ ፍርሃት ወደ ገባበት ቤት እውነት አይገባም፥ እውነትም ከሌለ ስለ አሳብ አንድነት መናገር ከንቱ ነው። ጉባኤው የነገሩን ቅደም ተከተል በጽሑፍ የሚያሰፍርና ምን ቢኖር ይህ አይደርስም ነበር ብሎ የሚመረምር ሲሆን ግን፥ ጥፋቱ ለቤቱ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ኮድ ከመጫኑ በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያነበው ማድረግም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ ስሕተትን ከመያዙ ይልቅ እንዲያውም ትልቁ ጥቅሙ፥ ከአንድ ሰው በላይ የሚያውቀው ኮድ እንዲኖር ማድረጉ ነው።

በመጨረሻ ለባለሀብቶችና ለኩባንያ መሥራቾች ጥቂት ልናገር። እናንተ የማስረከቢያውን ቀን ለደንበኛ ቃል ገብታችሁበታል፤ ቀኑ ቀርቦ ሥራው ባልደረሰ ጊዜም የቡድኑን መሪ ጠርታችሁ ስንት ሰው ልጨምርልህ ትሉታላችሁ። በቸርነት የቀረበ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን መሪውን በቀላሉ እንዲዋሽ ያደርገዋል፤ አምስት ሰው ስጡኝ ቢል ለጊዜው ተስፋ ይገኛል፥ እርሱም ለጊዜው ከወቀሳ ይድናል። ልትጠይቁት የሚገባው ሌላ ነው፦ ከተባሉት ነገሮች ውስጥ የትኛው ቢቀር ደንበኛው ሳይጎዳ የቀረው በቀኑ ይደርሳል? ምንም የሚቀር ከሌለስ እውነተኛው ቀን መቼ ነው? ብሩክስም የተወልን መንገድ ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም፤ ወይ ሥራውን መቀነስ፥ ወይ በቂ ጊዜ ያለበትን አዲስ ቀን አንድ ጊዜ በቍርጥ መወሰን። ቀኑን በየሳምንቱ በጥቂት ቀናት እየገፉ መሄድ የሠራተኛውን ኀይል እንደሚያደክምና የደንበኛውን እምነት እንደሚበላ ሁላችሁም አይታችሁታል።

የእቅዱንም አከፋፈል በሚመለከት፥ ብሩክስ ከልምዱ ተነሥቶ የሰጠው መለኪያ ከጊዜው ሢሶው ለማቀድ፥ ስድስተኛው እጅ ብቻ ኮድ ለመጻፍ፥ የቀረው ግማሽ ለመሞከርና ለማረም እንዲውል ነው። ብዙዎቹ መሥራቾች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ኮድ የማይጻፍበት ቀን ሁሉ የባከነ ይመስላቸዋልና። እኔ ግን በሚቀጥለው ዓመት እቅዳችሁ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የሙከራውን ጊዜ ስንት ቀን እንደ ተባለ እንድትመለከቱ፥ ከግማሹ በጣም ያነሰ ሆኖ ካገኛችሁትም እቅዱን ለቡድኑ መሪ መልሳችሁ፥ ያለ ፍርሃት እንደ ገና እንዲጽፈው በቂ ጊዜ እንድትሰጡት እለምናችኋለሁ።